ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር
መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ዳንግላ ላይ የአንድ ፒካፕ የሞተር ማቀዝቀዣ ፋን ቺንጋ ገና በግማሹ እንደገባ ቀረ።

መካኒኩ፣ ክላቹ የላላ ፋን ተሰብሮ የወንድሙን አንገት ከቆረጠው ወዲህ፣ የሾፌሩን ቁልፍ ኪሱ ሳይከት እጁን ኮፈን ሥር አያስገባም ነበር። ቺንጋው የተሰነጠቀ ወይም መወጠሪያው የሚንቀጠቀጥ መኪና ካየ ሳይጠግን ቁልፉን አይመልስም።

በዋዜማው «እስከ ጫግኒ ብቻ፣ ጋሼ!» ብሎ ሳይጠገን ቁልፉን የጠየቀውን ሌላ ሾፌር ክንዱን በመፍቻ መታው። «ሂድ፣ መጀመሪያ እናትህን ተሰናበታት!»

የፒካፑ ሾፌር ግን ትርፍ ቁልፍ ነበረው። ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብሎ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ፤ ቺንጋው የመካኒኩን ክንድ ጠቅልሎ ከነደረቱ ፋኑ ላይ ጣለው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ያን ዕለት ጠዋት፣ በመፍቻ ለመታው ሾፌር ቁልፉን ቤቱ ድረስ ወስዶ፣ «ጠግኜዋለሁ፤ አሁን ንዳ» ብሎት ነበር።