በቁም የወረደ ሙሾ

«በቁሜ ነው ያለቀስክብኝ! ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እማዬ ባለችበት!»

ወንድሜ ጌትነት መደቡ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያጠበቀ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

«የተቃወምኩት ጦርነቱን ነው፤ አንተን አይደለም» አልኩት።

«ጦርነቱ የት ነው ያለው? እስቲ አሳየኝ። እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ፤ የምሄደውም እኔ ነኝ።»

«እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው።»

«ፈራሁ አላልክማ! ሞቷል ነው ያልከው። ያውም በግጥም።»

እናታችን በመካከላችን ቆማ አንዴ የእሱን ትከሻ፣ አንዴ የእኔን እጅጌ ትይዛለች። ከጦሩ ያገኘው የዕረፍት ፈቃድ ሊያልቅ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን አንስቶ በዚያው ቀትር ወደ መናኸሪያ ወጣ።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ክርክሩ ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ ያቃጨለው በእድራችን ጸሐፊ በጋሽ ሞላ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ብቅ አሉና ከጦርነቱ ለተመለሱት የሰፈራችን ልጆች ምሳ ሊዘጋጅ መሆኑን ነገሩኝ። «አንድ ግጥም ቢጤ ታነብልናለህ» አሉኝ። ከዚያም ጣታቸውን አንስተው፣ «የዚያን ጊዜውን ዓይነት ከሆነ ግን ድርሽ እንዳትል!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው አባዛልኝ ብሎ የሚያመጣውን ሁሉ አነባለሁ፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ። ምቱን ግን ከወረቀት አላገኘሁትም፤ ከለቅሶ ቤት ነው የለቀምኩት። በሰፈራችን ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አልቃሽ ሴቶች ሙሾ ያወርዳሉ፤ እኔም አግዳሚው ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጬ በጣቴ ጉልበቴን እየመታሁ ስንኙን እቆጥራለሁ። ቃሉን የት ላይ እንደሚሰብሩት፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱ ያወቅሁት በሰው ሐዘን ነው። ሌላ ዜማ አላውቅም ነበር። አለማወቄን ደግሞ አላወቅሁም።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፀሐይ እያለ እንኳን ጆሮ ይቆርጣል፤ በየማሳው ገብሱ ነጣ ነጣ ብሏል። ለወታደሩ ስንቅ በየሰፈሩ ይዘጋጅ ተባለና የእኛ ሰፈር ሴቶች በእድሩ ድንኳን ተሰበሰቡ፤ ያው ለለቅሶ በሚተከለው። የእድሩ ብረት ምጣዶችም ወጡ። ገብሱ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ በሶ ሆኖ ይመለሳል።

ጦርነቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። ሬዲዮ ፉከራ በጀመረ ቁጥር ድምፁን እቀንስ ነበር፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት መልሶ ይጨምረዋል። ጌትነት ግን ወታደር የሆነው ጦርነት ሳይታሰብ፣ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ነው። እሱ የሚራብበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ዘነዘና አነሣሁና ከሴቶቹ ጋር ገባሁ።

«ኧረ ይኸን ጉድ እዩልኝ! ወንድ ልጅ ሙቀጫ ሲወቅጥ!» አሉ እትዬ ዓለምነሽ። ሁለት ልጆቻቸው ግንባር የሄዱባቸው፣ ሲስቁ ድንኳኑን የሚሞሉት ሴት ናቸው።

«ግድ የለም፣ ሚስት እስኪያገኝ ይልመድ» አለች ጎረቤታችን።

«እሱን ደግሞ ማን ያገባዋል? ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር የሚያወራ!»

ሁላችንም ሳቅን። እናቴ እፍኝ ትኩስ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ጨመረችልኝ። መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ግን እንደዚያ ሦስት ቀን ከሰው ጋር የተስማማሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ስንቁ በሚሰጥበት ቀን ጋሽ ሞላ፣ «የሚያነሣሣ ነገር ጻፍልን» አሉኝ። ጠዋት በተበላሸ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩ። ልለው የፈለግሁት ቀላል ነበር፤ ጦርነቱን አንወድም፣ እናንተን ግን እንወዳችኋለን። ጌትነት የደንብ ልብሱን ለብሶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስንቁን ሊቀበል ከፊት ቆሟል። እኔም ወረቀቴን ዘርግቼ ጀመርኩ፦

ያው ድንኳን፣ ያው ምጣድ፣ ያው እናቶች መጡ፣
ሞት ሳይሰማ ገና፣ ለቅሶ ተቀመጡ።

ሌሎች ስንኞችም ነበሩት፤ ልጆቹን የሚያወድሱ፣ ተመለሱ የሚሉ። አልደረስኩባቸውም። ሴቶቹ ዜማውን ያውቁታል፤ ከለቅሶ ቤት የወሰድኩባቸው የራሳቸው ዜማ ነው። ቃሉን ገና ሳያስቡት ሰውነታቸው መለሰ። እትዬ ዓለምነሽ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ ልጆቼን!» አሉ፤ ሌሎቹም እንደ ለቅሶ ወጉ ተቀበሏቸው። እናቴ፣ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ምጣድ ላይ የነበረው ገብስ አረረ፤ ድንኳኑን ጭስ ሞላው። ጋሽ ሞላ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝና፣ «አፍህን ዝጋ፣ አንተ ሟርተኛ!» አሉኝ። ጌትነት ስንቁን ሳይቀበል ወጣ። ተከትዬው ቤት ስደርስ ነው ያ ጭቅጭቅ የተነሣው።

እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ እኔው የፈተግኩትን የቤታችንን በሶ በከረጢት ሞልታ ሰጠችኝ። «ድረስበት። ምንም እንዳትናገር፤ ይኸን ብቻ ስጠው።»

ቀጥሎ በተነሣው ሚኒባስ ወጣሁ። ቁልቁል ወደ ወረታ ስንወርድ ብርዱ ከኋላችን ቀረ፤ የሩዙ ማሳ ቢጫ ሆኖ ተንጣልሏል። ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ አቅፌ የምናገረውን አስተካክላለሁ፤ ምንም እንዳትናገር መባሌን ረስቻለሁ። ሐሙሲት ስንደርስ የእነሱ መኪና ጎማ ሊቀየርለት መንገድ ዳር ቆሟል፤ እሱና ሁለቱ ጓደኞቹ ጥላ ስር ቆመው ነበር።

«እማዬ ናት የላከችኝ» አልኩና ከረጢቱን ዘረጋሁ። እጁ ገና ሳይነካው ቀጠልኩ። «ስማኝ፣ ግጥሙም በሶውም አንድ ነው። ሁለቱንም የሠራሁት ላንተ ብዬ ነው።»

«በሶውን ስጠኝ» አለኝ። «ግጥሙን ይዘኸው ተመለስ።»

ከጓደኞቹ አንዱ ከረጢቱን ፈትቶ በጣቱ ቀመሰና፣ «አንተዬ፣ ወንድምህ ባለሙያ ነው!» አለ። ጌትነት ፈገግ ሊል ሲል አየሁት፤ ወዲያው ፊቱን መለሰ። ጎማው ታስሮ አለቀ፤ ገቡ፤ ሄዱ።

በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የማውቀው አስተማሪ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ወሬው ደርሶታል። «ደግ አልካቸው! ለወታደር በሶ የሚወቅጥ ሁሉ ጦርነቱን ነው የሚቀልበው» አለኝ።

«እኔ የምቀልበው ወንድሜን ነው።»

«ያው ነው።»

ብርጭቆዬን ሳስቀምጥ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ወንድሜም፣ አስተማሪውም፣ ጋሽ ሞላም በሌላ ነገር ሁሉ አይስማሙም፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው። ለእነሱ ጦርነቱና የሚዋጋው ልጅ ያው ናቸው፤ አንዱን የነካ ሌላውን ነክቷል። ለማስረዳት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወይ ፈሪ እባላለሁ ወይ አድርባይ። ተነሥቼ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ፤ ያልተፈተገ ገብስ ቀርቶ ነበር። እትዬ ዓለምነሽ ብዙ ካዩኝ በኋላ ዘነዘናውን አቀበሉኝ። «እጅህ ይምጣ» አሉ። «አፍህ እቤት ይቅር።»

ጌትነት ተመለሰ። ግራ ጆሮው አይሰማም። በሶውን የቀመሰው ልጅ አልተመለሰም፤ ከእትዬ ዓለምነሽ ልጆችም የመጣው ትንሹ ብቻ ነው። ለትልቁ ድንኳን ሲተከል መንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ፤ መግባት አልደፈርኩም። ትክክል ተናግሬ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ሲመጣ ያናድደኛል። ስህተት ብሆን በወደድኩ። አሁንም ጦርነት እጠላለሁ፤ አሁንም ለሚሄድ ልጅ ስንቅ አልነፍግም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስንኝ ግን እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም። ስሞክር ወይ ፉከራ ይሆንብኛል፣ ወይ ሙሾ።

ለምሳው ግን አንድ ጻፍኩ። ስለ ናፍቆት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ እናት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጌትነት ስልኩን ሊወስድ ክፍሌ ሲመጣ በቀኝ ጆሮው በኩል ቆሜ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ያጨበጭቡልሃል።»

«ከያኛውስ ይሻላል?»

ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያኛው ልክ ነበር» አለ። «ይቅር ያላልኩህም ለዚህ ነው።»

ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው።