ጥግ ላይ ለብቻዋ ያስቀመጥኳት ሀዋ

ነገሩ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ትዝ ባለኝ ቁጥር በሌላ ሰው ሳይሆን በራሴ እናደዳለሁ፤ ስለዚህ ሳላሳምር ልንገራችሁ።

በሥራ ዝውውር ከደብረ ማርቆስ ወደ አሶሳ ስንመጣ ልጄ ማህሌት ስድስት ዓመቷ ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ከበዳት። ለወራት ከማንም ጋር አልተጫወተችም፤ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን እንደምትቀር መምህሯ ነገረችኝ። ከዚህ ያወጣቻት አጥር የምንጋራቸው የበርታ ጎረቤቶቻችን ልጅ ሀዋ ናት። አንድ ቀን ሁለት ማንጎ ይዛ መጣችና "ና፣ እንጫወት" አለቻት፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ። ከዚያ ወዲያ የሁለቱን ሳቅ ማን ያስቁመው።

ማህሌት ሰባት ዓመት ሲሞላት ደገስኩ። ዶሮ ወጥ ሠራሁ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን ከነልጆቻቸው ጠራሁ። ሀዋም መጣች። ሙስሊም መሆኗና ክርስቲያን ያረደውን እንደማትበላ ትዝ ያለኝ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው። ደነገጥኩ። በሰርግ ላይ እኛ ትልልቆቹ እንደለመድነው እሷንም ለይቼ፣ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥቼ፣ ብስኩትና ለስላሳ አቀረብኩላት። ሌሎቹ ልጆች ከአንድ ትሪ እየተሻሙ ሲበሉ፣ እሷ ብስኩቷን ሳትጨርስ ወጥታ ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። ማህሌትም እንደ ድሮዋ አፏን ዘጋች።

ጭንቀቴን ለአንዲት ባልደረባዬ ባጫውታት "የልጆች ጓደኝነት ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ደግሞስ ከወገኖቿ ልጆች ጋር ብትጫወት አይሻልም? መተከል ላይ የሆነውን ረሳሽው?" አለች።

"አልረሳሁም" አልኳት። "ያን ያደረጉት ግን የሰባት ዓመት ልጆች አይደሉም።"

በዚያው እልህ ወደ ሀዋ እናት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"ሥጋ ችግር አይደለም" አለችኝ በረጋ ድምፅ። "ሥጋ እኛ ቤት አለ። ልጅ ብቻውን ተቀመጠ። እሱ ነው ያመመው።"

አፈርኩ። ቅዳሜ ሲደርስ እነዚያኑ እንግዶች ጠርቼ ልደቱን እንደገና ደገስኩት። ጾም አልነበረም፤ እኔ ግን ሽሮና ምስር ብቻ ሠራሁ። የሀዋ እናት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዛ መጣች። የገቡትን ልጆች ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው።

"በፍስክ ቀን የጾም ምግብ? ለአንዲት ልጅ ብለሽ?" አለች ያቺ ባልደረባዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አዎ፣ ለአንዲት ልጅ ብዬ።"

ተቆጥታ ልጇን ይዛ ልትወጣ ተነሳች። ልጅየዋ ግን ገንፎዋን እየጎረሰች አልነሳም አለች።

ከእናቷ ወደኋላ የቀረችው ሀዋ በሩ ላይ ቆማ ወደ ጥጉ አየች። ያን ወንበር የምትፈልግ መሰለኝ፤ አንጀቴን በላችው። ልጠራት አፌን ስከፍት ማህሌት ቀደመችኝ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ትሪው እኩል ሰደዱ።

የባልደረባዬ ሰላምታ እስከ ዛሬ እንደቀዘቀዘ ነው። ይቀዝቅዝ። እኔ ቤት በልጆች ድግስ ከእንግዲህ የሚታረድ ነገር የለም፤ ያልጣመው እቤቱ በልቶ ይምጣ።