«ዳሌ» የምንባባለው ሰው

ኩባ ላደግነው ልጆች «ዳሌ» እንደ ሁኔታው የሚፈታ ቃል ነበር። ብርቱካን ስንለቅም አለቃው «ዳሌ» ካለ ፍጠኑ ማለቱ ነው። ጓደኛህ ሲኒማ እንግባ ሲልህ «ዳሌ» ካልከው እሺ ብለኸዋል። ለጠብ የቆመ ሰው ሲለው «እስኪ ሞክረኝ» ነው፤ ስንለያይ ደግሞ ቻው። አባቴ ጦር ሜዳ ሲቀር በልጅነቴ ወደዚያ ተላክሁና ነፍስ ያወቅሁት በስፓኒሽ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አገሬ ተመልሼ ቴፒ፣ የቡና ችግኝ ጣቢያ ተቀጠርሁ። አንድ ቀን ችግኝ የሚሸከሙትን ሴቶች ለማበርታት «ዳሌ! ዳሌ!» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። አንዲት ባልቴት ሸክማቸውን አውርደው «ዳሌያችን ምን አደረገህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስፓኒሼን ለእሁድ ብቻ አስቀመጥሁት።

እሁድ እሁድ ሚዛን ተፈሪ እሄድ ነበር። እንደ እኔ ኩባ ያደገ መምህር እዚያ ነበር። ከአማን እስከ ሚዛን ገበያ በእግራችን እየተመላለስን በስፓኒሽ እንለፈልፋለን፤ የሳምንቱን ሳቅ እዚያ እጨርሰዋለሁ፤ ስንለያይም «ዳሌ» እንባባላለን። ሌላ ዘመድ አልነበረኝም።

ከዚያ አገባ፤ ልጆች መጡ። እኔም እንዳልከብድበት ብዬ መመላለሱን ቀነስሁ። ከወራት በኋላ ናፍቆኝ ሄድሁና በሩ ላይ በስፓኒሽ ሰላም አልሁት። በአማርኛ መለሰልኝ። ባለቤቱን አፍሮ መስሎኝ እኔም ወደ አማርኛ ዞርሁ። ምሳ በልተን እሷ ወደ ማድ ቤት ስትወጣ፣ ስለ ድሮ ትምህርት ቤታችን በስፓኒሽ ጀመርሁለት። ሰማኝና ፈገግ አለ።

«ወንድሜ፣ ጠፍቶኛል እኮ። ስትናገር ይገባኛል፤ መልሱ ግን አይመጣልኝም።»

«እንዴት ይጠፋሃል?»

«ቤቱ ሲሞላ ጊዜ የት ላድርገው?» አለና የመጨረሻ ልጁን አቀፈ።

ቀናሁ። በልጆቹ አይደለም፤ ስፓኒሹ ሳያስፈልገው በመቅረቱ ነው የቀናሁት። እኔ ያን ቋንቋ የሙጥኝ ያልሁት ሌላ ሰው ስለሌለኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ልጁን እንደታቀፈ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «በል እንግዲህ» አለኝ።

«እሺ» አልሁት፣ በአማርኛ። ከዚያ በኋላ እሁድን ቴፒ ነው የማሳልፈው።