ክበባችን መርዶ ሊነግር ሲሄድ

እሁድ ጠዋት ነቅታችሁ፣ ገላችሁን ታጥባችሁ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳችሁ፣ በሩ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ የምትሄዱበት ቦታ እንደሌለ ትዝ ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ጁባ በመጣሁ ሰሞን በየሳምንቱ ይገጥመኝ ነበር። ያደግሁት እሁድን ሙሉ በጸሎት ቤት በሚያሳልፍ የጴንጤ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ማመኑን ተውኩት። ለሰውነቴ ግን የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እሁድ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ ሸሚዝ ይተኩሳል።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ካቶር በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ነገር ሲያስቸግረኝ ክፍል በክፍል ለይቼ ማየት እወዳለሁ፤ ይህንንም እንደዚያው አየሁት። ጸሎት ቤት ማለት፣ አልኩ ለራሴ፣ እምነት ሲደመር ወንበር ነው። እምነቱ ቢቀነስ ወንበሩ ይቀራል። ዋናው ነገር ሰዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው መቀመጣቸው ነው። ስሌቱ በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሳ ከእኔ በፊት ማንም አለማሰቡ ገረመኝ።

የእሁድ ክበባችን የተመሠረተው በዚህ ስሌት ነው። የመጀመሪያው አባል ጄነሬተር የሚጠግን የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ኤሌክትሪሻኑ እለዋለሁ። ጉዴሌ ሰፈር በተከራየው ግቢ ውስጥ እዚህ ራኩባ የሚሉት ጥሩ ጥላ ያለው የሣር ዳስ ስለነበረ መሰብሰቢያችን እሱ ዘንድ ሆነ። እሱም ጸሎት ቤት መሄድ ትቷል። ምክንያቱን ስጠይቀው ጠለቅ ያለ ክርክር ጠብቄ ነበር።

"ቲቸር፣ ድምፅ ማጉያቸው በየሳምንቱ ይበላሻል" አለኝ። "ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ገመድ ስፈልግ ዓይኔን እንደገለጥኩ ቀረሁ።"

ሁለተኛዋ የአንድ ሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤት ነው። እንደማታምን በግልጽ ትናገራለች፤ ዓርብ ግን ሥጋ አትበላም። "እንዴት ነው ነገሩ?" ስላት "ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" ትለኛለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ሦስተኛው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የስልጤ ነጋዴ ናቸው። ሐጂ እንላቸዋለን። መካ ሄደው ሳይሆን ሁልጊዜ ሊሄዱ ስለሚነሱ ነው። አንድም ሶላት አያመልጣቸውም።

"ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ይሠራሉ ሐጂ?" አልኳቸው።

"ጁምዓዬን ዓርብ ጨርሻለሁ። እሁድ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። የት ልሂድ ልጄ?"

ስም ማውጣቱ ራሱ አንድ እሁድ ፈጀ። "ማኅበር" ስል ሒሳብ ሠራተኛዋ "ተራ ደርሶኝ ልደግስ ነው?" አለች። "ኅብረት" ስል ኤሌክትሪሻኑ "በቃ ማጉያውን ላምጣ" አለ። "ጀመዓ" አሉ ሐጂ እየሳቁ። በመጨረሻ የማንም ያልሆነ ቃል ስለሆነ ክበብ ተባለ። ደንብ ደግሞ እኔ አወጣሁ፦ እውነት ሳይሸፋፈን ይነገራል፤ እምነት እንደ ጫማ በር ላይ ይወለቃል።

"ጫማ ማውለቅማ" አሉ ሐጂ፣ "ለእኔ ምኑ አዲስ ነው?"

በየእሁዱ አንድ ነገር አስረዳ ነበር። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ወባ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር፣ ናይል ለምን ወደ ሰሜን እንደሚፈስ። ሐጂ በየመሃሉ "ሱብሐነላህ!" ይላሉ። ደንቡን ሳስታውሳቸው "ተገረምኩ ነው ያልኩት፤ መገረምም ተከልክሏል እንዴ?" ይሉኛል። ብዙም ሳይቆይ ሁላችንም የየራሳችን ወንበር ኖረን። አንድ እንግዳ በሐጂ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሒሳብ ሠራተኛዋ በዓይኗ አስነሳችው። ስብሰባውን በአፍታ ዝምታ መክፈት ጀመርን፤ ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አላስታውስም። የቀረ ሰው ካለ ደህንነቱን ለማየት እንሄዳለን።

"ቲቸር፣ ይሄ ነገር ቸርች ሆኗል እኮ" አለኝ ኤሌክትሪሻኑ አንድ ቀን። "የቀረን የሚበላሽ ማጉያ ነው።"

እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ። ስሌቱ እየሠራ ነበር።

አንድ አመሻሽ ላይ ከኢትዮጵያ ስልክ ተደወለልኝ። የኤሌክትሪሻኑ ታላቅ ወንድም ነበር።

"የኅብረቱ መሪ አንተ ነህ አይደል ወንድሜ?"

"ክበብ ነው" አልኩት።

"እናታችን አርፋለች። ዛሬ ቀበርናት።" ድምፁ ተቋረጠና ተመለሰ። "ለእሱ ደውለን አልነገርነውም። እዚያ ወገን አለኝ ብሎናል። እባካችሁ በወጉ አርዱልን።"

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግን ልማዴ ስለሆነ ላስረዳ። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ብዙ ሆኖ ይኬዳል። የሚናገር ትልቅ ሰው፣ ሲወድቅ የሚይዝ ጎልማሳ፣ አብሮ የሚያለቅስ፣ ውሃ የሚያቀብል ያስፈልጋል። ከዚያ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ሰው እየመጣ ይቀመጣል። ጸሎት ቤት ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተባብረው ያደርገዋል። እኛ ደግሞ መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር እናውቅ ነበር።

ኤሌክትሪሻኑ ጁባ ውስጥ ዘመድ የለውም። ጸሎት ቤቱን ትቶ የመጣው ወደ እኛ ነው፤ ና ብዬ የጠራሁትም እኔ ነኝ። እናቱን አብሮት የሚያለቅስ ቢያጣ፣ ወገን አለኝ ብሎ ለቤተሰቡ የተናገረው ውሸት ሊሆን ነው።

ሐጂ ሱቅ ተሰበሰብን። እኔ ሐሳብ አቀረብኩ፤ አሁኑኑ ሄደን እውነቱን በቀጥታ እንንገረው፣ ደንባችንም እንደዚያ ይላል አልኩ።

"ለምን ለእሁድ አታቆየውም?" አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ። "ከናይል ቀጥሎ ታስረዳዋለህ። አንተ ሰውዬ እናት የለህም?"

"ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው" አሉ ሐጂ። "እስከዚያ ስልኩን ከእጁ ማራቅ ነው። የአክስት ልጆች ፎቶዋን መለጠፍ ሳይጀምሩ አይቀሩም።"

ስለዚህ ያ እውነት ሳይሸፋፈን ይነገራል ያለው ክበብ መዋሸት ጀመረ። ሐጂ ደውለው ፍሪጄ ተበላሸ አሉት። መጣ። ፍሪጁ ደህና ነበር። "ምንም የለውም ሐጂ" አለ። "አለው እንጂ፤ ድምፁን አልወደድኩትም" አሉት። ስልኩን ለአንዲት ጥሪ ብለው ተቀብለው፣ ከአንዱ አከፋፋይ ጋር ስለ ስኳር እያወሩ ባትሪውን ጨረሱት። እሱ በዚህ መሃል ፍሪጁን ፈታታው። ሲገጥመው እምቢ አለ። እስካሁን አይሠራም። ሐጂ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ስልኩን ቤቱ ወስዶ ቻርጅ እንዳያደርግ ሰግቼ ነበር፤ ግን እንደ ማንኛውም የኤሌክትሪሻን ቤት መብራት አልነበረውም።

ንጋት ላይ ተያይዘን ወደ ጉዴሌ ሄድን። ዝናብ የጣለ ሰሞን ስለነበር ጭቃው ጫማችንን ይጎትታል። መንገድ ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ድንገት ቆመች።

"ከነገርነው በኋላ ምንድነው የምንለው?"

ሁላችንም ቆምን። እግዜር ያጽናህ የሚለውን በደንባችን ከልክያለሁ።

"አይዞህ እንላለን" አልኩ።

"አይዞህማ ጎማ ለፈነዳበትም ይባላል።"

ይህን ስንባባል በሩ ላይ ደረስን። ሐጂ አንኳኩ። የጥርስ ብሩሽ እንደያዘ ከፈተልን። ሐጂን አየ፣ እኔን አየ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን ጥቁር ነጠላ አየ።

"ማን ነው?" አለ።

እኔ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። "እንግዲህ እንደምታውቀው የሰው ልጅ ሕይወት…" ብዬ ጀመርኩ። ሐጂ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ወደ ጎን ገፉኝ።

"እናትህ ናት ልጄ" አሉት።

መጀመሪያ አላለቀሰም። ብሩሹን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባውና ወደ እኔ ዘረጋው። ተቀበልኩት። ከዚያ እጁ ባዶ መሆኑን ሲያይ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ፣ "እማዬ!" ብሎ ጮኸ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አልኩ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ በመጀመሪያ የጣስኩትም እኔ። ሒሳብ ሠራተኛዋ አየችኝ።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖር ምግብ ቤት ያላት እህት አለች፤ ኤሌክትሪሻኑ የተወው ጸሎት ቤት አባል ናት። ጩኸቱን ስትሰማ ማንነታችንን እንኳ ሳትጠይቅ ገባች። ፀሐይ ጠንከር ሳትል ግቢው ሞላ። ሸራ ተወጠረ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ከእሷ ምግብ ቤት ድስት በድስት ላይ መጣ። የግቢው ባለቤት የሆኑት የባሪ ብሔረሰብ አሮጊት በዓረብኛቸው "ማሌሽ፣ ማሌሽ"፣ አይዞህ፣ እያሉ እጁን ይዘው አብረውት አለቀሱ። እኔ ማን ምን እንደሚያደርግ ለመመደብ ተነስቼ ነበር፤ ሁሉም ነገር ተደርጎ ስላገኘሁት ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ መዘምራኑ መጡ፣ ከእነ ኪቦርዳቸውና ከእነ ማጉያቸው። ማጉያው አልሠራ አለ። አንዱ ገመዱን ይነቀንቃል፣ ሌላው ሳጥኑን በጥፊ ይመታል። ኤሌክትሪሻኑ ጋቢ ተከናንቦ ከፍራሹ ላይ ሲያያቸው ቆየና አላስቻለውም።

"ተዉት፣ ታቃጥሉታላችሁ!" አለ።

"አንተ አረፍ በል፣ ሐዘንተኛ ነህ" አሉት።

"ሐዘንተኛ ብሆን መስማት አቆምኩ እንዴ?" ብሎ ተነሳ። ዓይኑ አብጦ፣ ጋቢው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ተንበርክኮ ገመዱን በጥርሱ ላጠው። ከጎህ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶውን ያቆመው ያኔ ነው።

በደንብ ዘመሩ። አብሯቸው የመጣው ሰባኪ ጌታ በእናትህ በኩል እየጠራህ ነው አለው፤ እሱም ማጉያው ላይ እንዳፈጠጠ አንገቱን ነቀነቀ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ፕሮግራም ስለነበራቸው ተነስተው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ሲሄዱ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እነሱ ሄዱ፣ እኛ ቀረን ልል። ግን የተቀመጥኩት በእነሱ ፍራሽ ላይ፣ የምበላው ከእነሱ ድስት ስለነበረ ተውኩት። እኛ ያመጣነው ነገር ቢኖር መቀመጥ ነው። እሱን ከእሁዶቹ ብዛት ለምደነዋል።

እንዲሁ ቀናቱን ተቀመጥን። እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሷ ከሆቴል፣ ሐጂ ከሱቅ እየመጣን። በሦስተኛው ቀን ሸራው ሲወርድ እኛ ብቻ ነበርን።

"እማዬ እኮ እሁድ ሲመሽ ትደውልልኝ ነበር" አለ ኤሌክትሪሻኑ በድንገት። "'ዛሬ ምን ተሰበከ?' ትለኛለች። መሄድ ትቻለሁ ማለት አልቻልኩም። አንተ ያስረዳኸውን እነግራታለሁ።"

"የቱን?"

"ሁሉንም። መብረቁንም፣ ወባውንም። ናይል ወደ ሰሜን የሚፈሰው መሬቱ ወደዚያ ዝቅ ስለሚል ነው ስላት 'አሜን' አለች። 'ጥሩ አገልጋይ ነው ያላችሁ፣ አጥብቃችሁ ያዙት' አለችኝ።"

ሐጂ እስኪያስሉ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔ ወባው ላይ ምን እንዳለች ልጠይቀው ፈልጌ አፈርኩ።

ሳቁ ሲያልቅ "አሁን እሁድ ሲመሽ ማን ይጠይቀኛል?" አለ።

እጃችንን አውጥተን የምንመልሰው ጥያቄ አልነበረም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሸራውን ማጠፍ ጀመረች።

በዚያ ሳምንት እሁድ እንደወትሮው ተሰበሰብን። ጠዋት በሳሩ ላይ የምናየው ጤዛ ከየት እንደሚመጣ አስረዳሁ። ሐጂ ተገረሙ። ሲመሽ ቤቴ ተቀምጬ ስልኬን ሳገላብጥ ቆየሁና ደወልኩለት።

"ዛሬ ምን ተባለ?" አልኩት።

"እንዴ ቲቸር፣ አንተ አይደለህ እንዴ የተናገርከው?"

"ነኝ። ምን ተባለ?"

ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ጤዛ ከአየር እንደሚመጣ፣ ሳሩ ሲቀዘቅዝ እንደሚይዘው፣ ፀሐይ ስትወጣ ወዴት እንደሚሄድ። ግማሹን አሳስቶታል። አላረምኩትም፤ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ሲጨርስ "አሜን" አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ እሁድ እኔ፣ አንድ እሁድ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንደውላለን። ሐጂ ተራቸው ሲደርስ ጥያቄውን ትተው ስለ ፍሪጅ ያወሩታል።

ሃይማኖት የሌለበት ኑሮ የሃይማኖትን ቦታ ይተካል ወይ ብትሉኝ፣ በስሌቴ መሠረት መተካት ነበረበት። ሸራውን አልተካንም፣ ድስቱን አልተካንም፣ ቃሉን እንኳ በሩ ላይ ተውሰን ነው። የተካነው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ እሱንም ገና እየተለማመድነው ነው። እናንተም ሞክሩት። እሁድ ሲመሽ የሚጠይቀው የሌለ አንድ ሰው አስቡና ደውሉለት። ዛሬ ምን እንደሰማ ጠይቁት። ቢያሳስት አታርሙት፤ እስኪጨርስ ብቻ ስልኩን አትዝጉ።