በነሐሴ የሚደነዝዝ ቡድን

ቨርና ስትራፕ የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ወጌሻ ናት። አውቶቡሱን የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ሥራዋን ከቅርብ አውቀዋለሁ። ነብራስካ ውስጥ እንደ እኛ ባለች ከተማ ሰው እሑድ እግዚአብሔርን፣ አርብ ኳስን ያመልካል። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ መናገር ያሳፍረኛል።

ቨርና የተጫዋቾችን ጉዳት ሁሉ ትመዘግባለች፤ ጣት ቢወልቅ እንኳ አታልፈውም። ጨዋታው ቁር አጥልቀው ራስ ለራስ የሚላተሙበት የአሜሪካ ኳስ ስለሆነ፣ ውድድር ሳይጀመር በነሐሴ እያንዳንዱ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የማስታወስ ፈተና ይወስዳል። በኋላ ራሱን ከተመታ እንደገና ይፈተናል፤ ከነሐሴው ውጤት ዝቅ ካለ አይጫወትም። መልካም ሐሳብ ነው፣ አባቶች ባይገቡበት።

የእኛ አባቶች ግን መላ አበጁለት። በነሐሴ ሆን ብለህ ደንዝዝ፣ ኋላ ብትመታም ማንም አያውቅብህም። ይህን ጥበብ እንደ መሬትና እንደ ጠመንጃ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። የከብት መኖ ነጋዴው ሮይስ ቲግ ቁርስ ቤት ተቀምጦ ሲኮራበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ኮልቢን 'ሦስት ቃል ሲሰጡህ አንዱን ርሳ' አልኩት። ልጄ ጎበዝ አይደል፣ ሦስቱንም ረሳ።"

ገበታው ሁሉ ሳቀ።

ቨርና ውጤቱን ስታይ፣ "በዚህማ ከሄድን ግማሾቹ የጫማ ማሰሪያ መቋጠርም አይችሉም" አለችና ልጆቹ እንደገና እንዲፈተኑ አሰልጣኝ ሃልቨርሰንን ጠየቀችው። ጊዜ የለም አላት።

በጥቅምት ወር በአንዱ አርብ ኮልቢ ተላትሞ ወደቀ። ሲነሳ ሄዶ ከተጋጣሚዎቹ መካከል ቆመ። ቨርና ከሜዳ አወጣችው። ከጥሎ ማለፉ ጨዋታ በፊት ሲፈተን ግን ውጤቱ ከነሐሴው በልጦ ተገኘ። አሰልጣኙ ወረቀቱን እያወዛወዘ መጣ።

"ተሽሎታል። የራስሽ መዝገብ ነው የሚናገረው።"

"መዝገቡ የሚለው ልጁ ራሱን ሲመታ ብልህ ይሆናል ነው" አለች ቨርና። "የቀሩትንም በመዶሻ እንበላቸውና ዩኒቨርሲቲ ይግቡልን።"

"ቀልዱን ተይና እንዲጫወት ፈርሚ።"

"ልጁ ራሱን ያመዋል፤ መብራት ይሸሻል።"

"እሱ ደህና ነኝ ብሏል።"

"በነሐሴም አላስታውስም ብሏል። የቱን ውሸት ልመንለት?"

ሳትፈርም ቀረች። በጨዋታው ቀን የኮልቢን የራስ ቁር ወስዳ አውቶቡሴ ውስጥ ቆለፈችበት። ያለ ቁር ሜዳ የሚገባ የለም፤ የወጌሾች የቆየ ዘዴ ነው። ልጁ ግን መጫወቻ ልብሱን ለብሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር።

መመራት ስንጀምር ቨርና ጉልበቱ የታጠፈበትን ሌላ ልጅ ልታይ ሄደች። ያኔ ሮይስ አጥሩን ተሻግሮ መጣ፤ ከአንድ ተቀያሪ ተጫዋች ቁር ተቀብሎ በገዛ እጁ በልጁ ራስ ላይ አጠለቀው። አሰልጣኙ ይህን ላለማየት ሰማዩን ያይ ጀመር። ኮልቢ ገባ፣ አንድ ጊዜ ተላተመ፣ እየተንገዳገደ ወጣ።

"አይዞህ የኔ አንበሳ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አለው ሮይስ።

ኮልቢ ቀና ብሎ አየው። "አባዬ፣ መቼ መጣህ?"

"እንዴ፣ አሁን ቁሩን ያጠለቅኩልህ እኔ አይደለሁ?"

"እሺ" አለ ልጁ በትሕትና። ሜዳውን አየት አደረገና፣ "አባዬ፣ መቼ መጣህ?"

ቨርና ሮጣ መጣች፤ ቁሩን አውልቃ አንገቱን ደገፈችውና አምቡላንስ አስጠራች። የአምቡላንሱ ባለሙያ ሲደርስ ልጁ ከመመታቱ በፊት የነበረበትን ሁኔታ ጠየቃት።

"የነሐሴው ውጤት አለኝ፣ ግን ውሸት ነው" አለችው። "እውነቱን አባቱ ያውቃል። እሱን ጠይቀው።"

ቁርስ ቤት ውስጥ አፉ የማያርፈው ሰውዬ ቁሩን አንስቶ በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

"ሮይስ፣ ልጁን የምትጠቅመው አሁን ነው" አለችው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

"ያስደነዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ ሮይስ። "አንድ ጊዜ ያነበበውን አይረሳም ነበር። አምናም ጎተራ ውስጥ ወድቆ ራሱን ስቶ ነበር። እንዳትናገር አልኩት።"

ቨርና የተናገረውን ሁሉ ጻፈች።

ኮልቢ የበረዶውን ወራት መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል አሳልፎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ኳስ ግን ተወ። ከተማው ለዚያ ጨዋታ ሽንፈት ዛሬም ቨርናን ይወቅሳል፤ ቁርስ ቤት ሲያነሷት ከገበታው ተነስቶ የሚወጣው ሮይስ ብቻ ነው።