ለቁስለኛ የሚሆን ወንበር

ስለ ጦር ሜዳ ንገረን እያላችሁ ስትመጡ የምትጠብቁት ኮረብታ እንደሆነ አውቃለሁ። ማን ቀድሞ ወጣ፣ ማን መሣሪያ ማረከ፣ ስንቱ ወደቀ። ኮረብታውማ ነበረ። ድንጋያም፣ ዛፍ የሌለው ኮረብታ ነው። ወጣነው፣ ተገፍተን ወረድን፣ እንደገና ወጣነው፣ የወደቁትን ቀብረን መጣን። ይህን ረጋ ብዬ አወራዋለሁ። የምጮኸው ስለ አንድ የአውሮፕላን ወንበር ሳወራ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ኖሮ እስቅ ነበር።

ሰይድ የቡድናችን መትረየስ ተኳሽ ነበር፤ እኔ አስር አለቃው። ከሠራዊቱ ስንሰናበት ወሎ ላይ የሚጠብቀን መሬት አልነበረም። በየመን በኩል አቋርጠን ሳዑዲ ገባን። መንገድ ላይ ኑርዬ የሚባል የአገራችን ልጅ በውሃ ጥም ሞተብን። ሳምጣ በምትባል የድንበር ከተማ አካባቢ ጥቂት ከተንከራተትን በኋላ አሐድ አል-መሳርሐ የሚባል ቦታ አንድ መዝረዓ፣ ማለቴ እርሻ፣ ተቀጠርን። ባሚያና ሐብሐብ እናጠጣለን፣ ፍየል እንጠብቃለን። ከእኛ ጋር እንድሪስ የሚባል ሰው ነበር፤ ድሮ የደሴ አውቶቡስ ረዳት የነበረ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሆዱ ግን ቂም የማይዝ። ሦስታችን በአንድ ክፍል እንኖር ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የውሃ ቦቴው ወደ ኋላ ሲመጣ ጎማው አሸዋው ላይ ከዳውና የሰይድን እግር ከፓምፑ ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ጮኽን። ሾፌሩ ወደ ፊት ነዳ። ጉልበቱ ጉልበት አይመስልም ነበር። ሆስፒታል ከጉልበቱ በላይና በታች ብረት ሰክተው ከውጭ አሰሩለት። ሐኪሙ ሲያስወጣው እንዲህ አለን፦ «ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። አገሩ የሚሠራለት ካለ ሳትዘገዩ ውሰዱት። እግሩ አይታጠፍ፣ ተንጠልጥሎም አይዋል። ከቆየ ያጣዋል።» ግዳጃችን ይኸው ነበር። እግሩን ሳይታጠፍ፣ ሳይዘገይ አገሩ ማድረስ።

ትዕዛዙ የመጣው ንጋት ላይ ነው። አሠሪያችን፣ እኛ ከፊል የምንለው ሰውዬ፣ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«የአንተና የሰይድ የመውጫ ወረቀት አልቋል። ነገ ትሄዳላችሁ። ኸላስ፣ በቃ!»

«ወንበሩስ?» አልኩት።

«የምን ወንበር?»

«እግሩ የሚዘረጋበት።»

«አውሮፕላን ውስጥ ወንበር የሌለው ማን አለ? ያላ!»

መስኮቱን ዘጋው። አቧራውን አልብሶን ሄደ።

በአሠሪያችን ገንዘብ ቲኬቱን ለመቁረጥ ጂዛን ከተማ የሄደው እንድሪስ ነው። እየሳቀ ተመለሰ። «በር አጠገብ አስያዝኩለት! ከፊቱ ያለው ቦታ ሰፊ ነው፣ እንደ ልቡ ይዘርጋ። ስንቱን በሽተኛ በር ላይ አስቀምጬ ደሴ አድርሻለሁ መሰላችሁ?» እኛም መረቅነው። በአገራችን አውቶቡስ የበሽተኛ ቦታ በር አጠገብ ነው። አየር ያገኛል፣ መውረዱም ይቀለዋል። አውሮፕላንም ያው በር ያለው መኪና መሰለን።

የቀረውን ያበላሸው ወታደርነታችን ነው። ስናፈገፍግ መራመድ ያልቻለ ቁስለኛ ምን እንደሚገጥመው በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ የእኛ ቁስለኛ ቁስሉን ሸፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ ይሄዳል እንጂ ተመታሁ አይልም። ሰይድም ሰፊ ሽርጥ አገለደመ፤ ብረቱ ከሥሩ ተደበቀ። «ታማሚ ነው ካልን አውሮፕላኑ ላይ አያሳፍሩንም» አለ እንድሪስ። ማናችንም አልተቃወምንም።

አየር ማረፊያው ስንደርስ ሰይድን ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። እንድሪስ ፓስፖርቶቹን ይዞ ቀረበ፤ ሰይድ ከተቀመጠበት እጁን ብቻ አነሳ። ማንም ምንም አልጠየቀንም። ፍተሻው ላይ ማሽኑ ጮኸ። ፖሊሱ ሽርጡን ገለጠ፣ ብረቱን አየ፣ «አላህ ያሽርህ» ብሎ አሳለፈን። እንድሪስ ከዚያ ተመለሰ። እኔ ሰይድን በትከሻዬ ደግፌ ገባሁ።

ወንበሩ እንደተባለው ነበር። ሰይድ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አስር አለቃ፣ ዛሬ ጄኔራል ሆንኩ» አለኝ። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

አስተናጋጇ መጣች። ወደ በሩ እያመለከተች በዓረብኛ ታስረዳ ጀመር። እዚህ የሚቀመጥ ሰው አደጋ ቢመጣ በሩን ከፍቶ ሌላውን የሚያስወጣ ነው፣ ጤነኛ መሆን አለበት። እያወራች ዓይኗ ሽርጡ ላይ አረፈ። «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ሰይድ ሽርጡን ወደ ራሱ ሰበሰበ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሽርጡን በጣቷ ጫፍ ገለጥ አደረገችና ወደ ኋላ አለች።

አስነሱት። ከኋላ፣ መካከለኛ ወንበር ሰጡት። እግሩ አልገባም። አዙረን ሞከርን፤ አልገባም። መተላለፊያው ዳር አስቀመጡት፣ እግሩ ወደ መተላለፊያው ወጣ። አንድ ተሳፋሪ ሻንጣውን ሲጎትት ብረቱን መታው። ሰይድ ጮኸ። ኮረብታው ላይ ፍንጣሪ ከትከሻው ሲያወጡለት ያልጮኸ ሰው ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን።

ቀና ስል ከፊት በኩል መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ሰፋፊ ወንበሮች አየሁ። የሚዘረጉ፣ ሰው የሚተኛባቸው። ባዶ! ወላሂ፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ባዶ!

«እዚያ አስተኙት!» አልኩ። «ባዶ ነው እኮ!»

«ያ የሌላ ክፍል ነው።»

«ሰውየው ቁስለኛ ነው!»

አለቃቸው መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ። ለስላሳነቱ የባሰ አነደደኝ። «እንዲህ ሆኖ ያለ ሐኪም ወረቀት አይበርም። ይውረድ» አለ። እኔ መጮህ ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ ግማሹ በአማርኛ ነበር፣ ባይገባቸውም ስድብ መሆኑን ያወቁት ይመስለኛል። ሰይድ ክንዴን ያዘ። «ተው አስር አለቃ፣ እንውረድ» አለኝ። አፈገፈግን። ስንወርድ አንዲት አስተናጋጅ መጋረጃውን መልሳ ስትዘጋ አየኋት።

ስለ በሩ ልክ ናቸው። እኔም አዛዥ ብሆን አንካሳ ሰው በር አላስጠብቅም። ግን ባዶ ወንበር እያለ ቁስለኛ የሚያወርድ ምን ዓይነት ልብ ነው? እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈልግም!

ከዚያ የወረቀት ውጊያ ሆነ። ያከመው ሐኪም የዓመት ፈቃድ ላይ ነው አሉን። ሌላው ሐኪም እኔ አላከምኩትም አለ። አሠሪያችን ስልክ አላነሳም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። ክፍላችን ቆርቆሮ ነው፤ የጂዛን ሙቀት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቃል። ብረቱ የገባበት ቀዳዳ ማዠት ጀመረ። ውሃ አፍልቼ ጨው ጨምሬ አጥበዋለሁ። «አብሽር» እለዋለሁ። «እኔማ አብሽር፣ እግሬን ንገረው» ይለኛል። ሽታው ሲመጣብን ሌላ ወሬ እንጀምራለን።

በመጨረሻ ወረቀቱ ሲገኝ ቲኬት ቢሮው ራሴ ሄድኩ። ምንም አልደበቅኩም። በስልኬ ያነሳሁትን የእግሩን ፎቶ መስታወቱ ላይ አስጠግቼ አሳየሁት። ከውስጥ ያለው ሠራተኛ የመናዊ ነበር፤ ፎቶውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ለምን መጀመሪያ አልነገራችሁም?» አለኝ። «ቲኬት ሲቆረጥ ቢነገረን ከፊቱ ወንበር የሌለበትን፣ የግድግዳውን ፊት ረድፍ እንይዝላችሁ ነበር። ከሌለም ሦስት ወንበር አንድ ላይ። ተሽከርካሪ ወንበርም ይመጣላችሁ ነበር።»

«መጀመሪያ ለምን አልጠየቃችሁንም?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ፎቶው መለሰ። አንዲት ቃል! ከእኛ ወይ ከእነሱ አንዲት ቃል ብትወጣ ኖሮ! ቢሮው ውስጥ ቆሜ እንደ እብድ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ሰውየው የፊተኛው ረድፍ ሕፃን ለያዙ ተይዟል አለኝና ሦስት ወንበር አንድ ላይ ከጅዳ የሚነሳው አውሮፕላን ላይ ያዘልን። እስከ ጅዳ እንድሪስ በለመነው ፒክአፕ፣ ፍራሽ አንጥፈን ወሰድነው።

አውሮፕላኑ ላይ ሦስተኛው ወንበር የሰው ሆኖ ተገኘ። ለማን እንደሸጡት አትጠይቁኝ፤ እዚያው ልፈነዳ ነበር። የያዘው ግን የከሚሴ ሰው ሆነና ነገራችንን ሰማ። «ምን ችግር አለው፣ ጭኔ ላይ አድርጉት» አለ። አውሮፕላኑ ሲነሳ እግሩን በእኛ እግሮች መሐል አሹልከን ያዝነው፤ ሰይድን ላብ አጠመቀው። ሰማዩ ላይ ስንረጋ ክንድ ማሳረፊያውን አነሳን። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠ፣ እግሩ በእኔና በሰውየው ጭን ላይ ተጋደመ።

የወሎ ሰው በሽተኛ በቃሬዛ ሲሸከም ማንም ተራህ ነው አይባልም። ከኋላ የሚሄደው የደከመውን ያይና ገብቶ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ይሰጣል። አውሮፕላኑ ውስጥም ይኸው ሆነ። ከሳዑዲ የሚመለሱ የአገራችን ሰዎች ነበሩ። አንዱ መጣና «ተነስ፣ ደነዘዘህ» አለኝ። ተነሳሁ፣ እሱ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው። አስተናጋጇ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ደግሞ ተወችው፤ ትራስ አምጥታ ከተረከዙ ሥር አደረገች። የማላውቃቸው ሰዎች የሚያዥ እግር ጭናቸው ላይ ይዘው አገራቸው ገቡ። ያኔ አለቀስኩ። ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር፤ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ደሴ የሆስፒታሉ ሐኪም ብረቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ» አለኝ። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

እግሩን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። በእኛ ዘንድ ከሕያው ሰው የተቆረጠ አካልም ይቀበራል። መንደር ስደርስ ቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጠበቀኝ። ለሰው እንደሚወጣው ሁሉ ወጡ። ሰላት አልተሰገደም፤ ቢስሚላህ ብለን አፈር አለበስነው።

የጦር ሜዳ ነገር ሲያልቅ ሙታን ይቆጠራሉና እኔም ልቁጠር። ኮረብታው ላይ ጓዶቻችን ሁሴንና አበበ። በረሃው ላይ ኑርዬ። የእነሱን ገዳይ አውቀዋለሁ፤ ጥይት ነው፣ ጥም ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የሰይድን እግር እቆጥራለሁ፤ የእሱን ገዳይ ግን ልጠራው አልችልም። አስተናጋጇ ሕግ ጠበቀች፣ አሠሪያችን ቲኬት ገዛ፣ እኛ ሽርጥ አለበስን። የምተኩስበት አጣሁ፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ከቀብር ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ ሰይድ ነቅቷል።

«ቀበራችሁት?» አለኝ።

«ቀበርነው።»

«ሰው ወጣ?»

«ቅሬው በሙሉ።»

ብርድ ልብሱን አስተካከለ። «አልታጠፈም አይደል? ዘርግታችሁ ነው ያስተኛችሁት?»

«ዘርግተን ነው።»

«እንኳን ቦታ አገኘ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።