አንድ አካውንት ለገበያው ሁሉ

ሰው በጆሮዬ የነገረኝ ነገር በማያውቀው ቤት ሲነበብ ከረመ። በደሉ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ይታወቅልኝ።

ሥራውን የጀመርሁት በአርብ ገበያ፣ ጨው ተራ አጠገብ፣ በአንድ አግዳሚና በአንድ ስልክ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለየሁት ፊደል በቃኝ። ደንበኛው ጥያቄውን በጆሮዬ ይነግረኛል፤ እኔ በስልኩ የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ እጽፋለሁ፤ የመጣውን መልስ ቀስ ብዬ አነብለታለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ በጉ የሚያስልበት ገበሬ ነበር። ሁለተኛው ቄስ ነበሩ፤ የጠየቁትን አልጽፍም። ከእሳቸው ወዲያ ተራ የሚጠብቀው ራቅ ብሎ እንዲቆም ደንብ አወጣሁ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጣች። ስሟን አልጽፍም፤ ነገሩን ግን "ይጻፉት" ብላኛለች። አግብታ አልወለደችም፤ የባሏ ቤተሰብ ወደ አባቷ ቤት ሊመልሷት ተነጋግረዋል።

"መካንነት ከወንዱም በኩል ሊመጣ ይችላል ወይ ብለው ይጠይቁልኝ" አለችኝ።

ጠየቅሁ። ይችላል፣ ሁለቱም ይመርመሩ የሚል መልስ መጣ። የምትባረረው እሷ ብቻ መሆኗ ቀድሞውንም አናዶኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። ቀና ብላ ሄደች።

በሳምንቱ ከንፈሯ ደርቆ ተመለሰች።

"እማማ፣ ያ የጠየቁልኝ ነገር ባሌ ስልክ ላይ አለ። ጥቂት ፊደል እለያለሁ፤ መፈለጊያውን ስነካው ቃል በቃል ብቅ አለ።"

"ባልሽ አየው?"

"እሱ ማንበብ አይችልም። ወንድሙ ግን ይችላል፤ እሑድ ይመጣል። 'ወንድሜን በገበያ መካን አለችው' ብሎ ያስባርረኛል።"

"ስልኩን ከየት ገዛው?"

"እርስዎ ከገዙበት ሱቅ።"

አግዳሚዬን ለጨው ሻጯ አደራ ብዬ ልጅቱን አስከትዬ ወደ ሱቁ ሄድሁ።

"ለሸጥሁት ስልክ ሁሉ አንድ የኢንተርኔት አካውንት ነው የከፈትሁት፤ በአንዱ የተፈለገው በሌላውም ይታያል" አለ ሻጩ። "ገበሬ የይለፍ ቃል ይረሳል፣ እማማ።"

"የቤቱን ቁልፍ ይረሳል ብለህ ለመንደሩ ሁሉ አንድ ቁልፍ ትሰጣለህ?"

"ማን ልብ ይለዋል ብለው ነው!"

"ይቺ ልብ ብላዋለች።"

በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ስልክ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ፣ "የጠየቅኸውን ጎረቤትህ እንዲያነበው ከፈለግህ ግባ" እል ጀመር። ሁለት ሰው ሲመለስበት ሻጩ አካውንቱን ከፈተው። የበጉ ሳልም፣ የቄሱ ነገርም፣ የማላውቃቸው ሰዎች ጭንቀትም አንድ ላይ ተደርድሯል። ያጠፋው ስላልነበረ ሁሉም እንዳለ ተቀምጧል። አስጠፋሁት፤ ዳግመኛ እንዳይመዘግብም አዘጋሁት።

"ከመፈለጊያው ኩባንያ ዘንድስ?" አልሁት።

ደንቡን አነበበልኝ። ከአካውንቱ ወዲያው ይነሳል፤ ከኩባንያው ማከማቻ ፈጽሞ እስኪጠፋ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዱንም ለሕግና ለደኅንነት እያሉ ያቆዩታል። ይህን አልወደድሁትም፤ አሁንም አልወደውም።

"የባሏ ስልክስ?"

"ኔትወርክ ሲያገኝ ከእሱም ይጠፋል።"

በመንደራቸው ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው። ቅዳሜ ስልኩን ይዛ እንድትወጣ ነገርኋት።

ከዚያ ወዲህ በራሴ አካውንት እሠራለሁ፤ የጠየቁትን ዓይናቸው እያየ አጠፋለሁ። ለሰው ስልክ የምትከፍቱ ልጆች፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን አካውንት ክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉንም ለባለቤቱ ስጡት።

በሚቀጥለው አርብ ልጅቱን ከሩቅ ሳያት ደንበኛዬን ትቼ ተነሳሁ።

"ወንድምየው ስልኩን ከፈተው?"

"ከፈተው፣ እማማ።"

"ምን አገኘ?"

"ምንም። የገብስ ዋጋ ፈለገበትና ለባሌ መለሰለት።"